መንጠቆ፣ መረብና የክረምት ወራት
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር)



በእንዲህ ዓይነቱ በዓል ላይ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ሩዝና ስለ ሽንኩርት ገበያ ነው። የዓሣ ነገር ሲነሳ እምብዛም አይሰማም፤ ቢነሳም "እሱ የአስጋሪዎች ማኅበር ጉዳይ ነው" ተብሎ ይታለፋል። ይሁን እንጂ በፎገራና በደምቢያ ሜዳ፣ በርብ፣ በጉማራ፣ በመገጭና በግልገል ዓባይ ወንዞች ግራና ቀኝ የሚያርስ ገበሬ ሁሉ፣ ወደደም ጠላም፣ የጣና ዓሣ ጎረቤት ነው። በማለዳ ከብቱን ወንዝ ወርዶ ሲያጠጣ መንጠቆ የሚጥል አባወራ አለ። ከትምህርት ቤት መልስ ትል ቆፍሮ ወንዝ የሚወርድ ልጅ በየቀበሌው አለ። ታንኳ ወይም የእንጨት ጀልባ ይዞ ሐይቅ የሚገባም አለ። በመሆኑም የዛሬው ንግግር ዋና ዓላማ ለእነዚህ ሰዎች በተግባር የሚጠቅም ነገር ማስጨበጥ ሲሆን፣ ወደ መጨረሻው ግን በየዓመቱ ክረምት በወንዝ አፎች ላይ የሚፈጸመውን ነገር ሳያነሳ አያልፍም። ዋናው ቁም ነገር ያለው እዚያ ነውና።

መጀመሪያ ዓሣውን ማወቅ ይገባል። በጣናና በገባሮቹ ለገበያ የሚቀርበው ዓሣ በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ነው፤ ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ። ቀረሶ ዋና ምግቡ በውሃ ውስጥ የሚገኙ ደቃቅ አረንጓዴ ዕፅዋት ሲሆን፣ የሚውለው ጥልቀቱ አነስተኛ በሆነ፣ ሣርና ደንገል ባለበት ዳርቻ ነው። ወንዱ ጭቃውን ቆፍሮ ጎጆ ያበጃል፤ ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች። እንቁላል በአፏ የያዘች ቀረሶ ምግብ አትበላም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ በመንጠቆ ብዙም አትያዝም፣ በመረብ ግን ትያዛለች። አምባዛ ደግሞ ሌሊት የሚንቀሳቀስ፣ በጢሙ እያሸተተና እየዳሰሰ የሚመገብ፣ ያገኘውን የማይንቅ ዓሣ ነው። ከውሃ ውጭ ከአየር መተንፈስ ስለሚችል እርጥበት ካገኘ ረጅም ሰዓት ይቆያል። ክረምት ሲገባና ሜዳው በውሃ ሲሸፈን ለመራባት ወደ ጎርፍ ሜዳው ይወጣል፤ በሰኔና በሐምሌ በፎገራ የሩዝ ማሳ ውስጥ አምባዛ ሲንፈራገጥ ያየ ገበሬ ምክንያቱ ይኸው እንደሆነ ይወቅ።

ነጭ ዓሣ የሚባለው፣ ባለሙያዎች ባርባስ የሚሉት፣ አንድ ዓሣ አይደለም። አጥኚዎች በጣና ውስጥ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ 15 ዝርያዎችን ለይተዋል፤ አንዱ አፈ ወፍራም፣ አንዱ አፈ ቀጭን፣ አንዱ ከታች ጭቃ ለቃሚ፣ አንዱ ሌላ ዓሣ አባራሪ ነው። ከ15ቱ ውስጥ ስምንቱ ዓሣ በል ናቸው፤ የካርፕ ቤተሰብ ጥርስ የሌለው ዓሣ ሆኖ ሳለ ይህን ያህል አዳኝ ማውጣቱ የዓሣ አጥኚዎችን ሁሉ ያስገረመ ነገር ነው። ይህ ሊሆን የቻለው 40 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ያሉት ዓሣዎች ወደ ሐይቁ እንዳይወጡ ዘግቶ ስለያዘ ነው። በጫሞ ሐይቅና በባሮ ወንዝ የሚገኘው ትልቁ ናይል ፐርች በጣና የሌለውም በዚሁ ምክንያት ነው። አንድ ሰው በጣና ሐይቅ ዳር ናይል ፐርች እሸጣለሁ ቢል ከሌላ ቦታ ያመጣው ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ መሣሪያው። መንጠቆ በቁጥር ይሸጣል፤ የቁጥሩ አቆጣጠር ግን ብዙ ሰው ያሳስታል። ቁጥሩ ባደገ መጠን መንጠቆው ያንሳል። ቁጥር 10 ከቁጥር 4 ያነሰ ነው። ከቁጥር 1 በኋላ ግን 1/0፣ 2/0፣ 3/0 እየተባለ ወደ ትልቅ ይሄዳል። አፉ ትንሽ ለሆነው ቀረሶ ከቁጥር 8 እስከ 10 ያለው ይበቃል። ለመካከለኛ ነጭ ዓሣ ከቁጥር 4 እስከ 6፣ ለአምባዛ ደግሞ 1/0ና ከዚያ በላይ ይመረጣል። ሱቅ የተገኘውን ትልቅ መንጠቆ ገዝቶ ለቀረሶ መጣል፣ ማንኪያ በማይገባበት አፍ ጭልፋ እንደመክተት ነው፤ ዓሣው ምግቡን ጠርጎ ይሄዳል፣ ሰውየው ግን ወንዙ ዓሣ የለውም ይላል። ጫፉ የደነዘ መንጠቆ በሞረድ መሳል አለበት። ሙከራው ቀላል ነው፤ ጫፉን በአውራ ጣት ጥፍር ላይ በቀስታ ሲያሳርፉት ከተንሸራተተ ደንዟል፣ ከተያዘ ይሠራል።

ክሩ ናይለን ሲሆን መንጠቆውን ማሠር ራሱ ጥበብ ነው። ተራ ቋጠሮ በናይለን ላይ ይንሸራተታል ወይም ክሩን ቆርጦ ይጥላል። የተሻለው አሠራር ክሩን በመንጠቆው ቀለበት አሳልፎ ጫፉን በዋናው ክር ላይ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ መጠምዘዝ፣ ከዚያም ጫፉን ከቀለበቱ አጠገብ በተፈጠረው ክፍተት መልሶ ማሳለፍ፣ በምራቅ አርጥቦ ቀስ እያሉ መሳብ ነው። ማርጠቡ ለይስሙላ አይደለም፤ ደረቅ ናይለን ሲሳብ በሰበቃ ይግላል፣ የጋለ ክር ደግሞ ይደክማል። ትልቁ ዓሣ አመለጠ ከተባለባቸው ታሪኮች ብዙዎቹ እንዲህ ባለ ቋጠሮ ያለቁ ናቸው።

ዘንጉ ከቀርከሃ ወይም ከቀጭን ሽመል ቢሆን ምንም አይጎድለውም። ከውጭ የሚመጣው የሚጠቀለል ዘንግ ያለው ሰው ይጠቀም፤ የሌለው ግን ቀርከሃውን ይዞ ብዙም አይበለጥም። ተንሳፋፊው ከቡሽ ወይም ከደረቀ የደንገል ቁራጭ ይሠራል። ከመንጠቆው በላይ አንድ ስንዝር ያህል ላይ ትንሽ እርሳስ ይታሰራል፤ የእርሳሱ ክብደት ተንሳፋፊውን አቁሞ የሚይዝ እንጂ የሚያሰጥም መሆን የለበትም። ተንሳፋፊው ውሃው ላይ በጎኑ ከተኛ እርሳሱ አንሷል ወይም መሬት ነክቷል፤ ከሰመጠ በዝቷል።

ማጥመጃው ምግብ እንደ ዓሣው ይለያያል። ለቀረሶ ጠበቅ ተደርጎ የታሸ የስንዴ ወይም የጤፍ ሊጥ፣ በአተር ፍሬ ልክ። ለነጭ ዓሣ የምድር ትል፣ ፌንጣ፣ ለትላልቆቹ ደግሞ ትንሽ ዓሣ። ለአምባዛ ሽታ ያለው ነገር ሁሉ፤ የዶሮ አንጀት፣ የዓሣ ሆድቃ፣ የሥጋ ቁራጭ። ትሉን በመንጠቆው ላይ ሙሉ በሙሉ አስተኝቶ መስፋት አያስፈልግም፤ ጫፉ ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ ነው ዓሣውን የሚጠራው።

የት ይጣል ለሚለው ጥያቄ መልሱ ውሃውን ማንበብ ነው። ወንዝ በሚታጠፍበት ቦታ የውጭው ጎን በጎርፍ ተቦርቡሮ ጥልቅ ይሆናል፤ ዓሣ የሚያርፈው እዚያ ነው። ፈጣን ውሃ ወደ ገንዳው በሚገባበት ራስ ላይ ነጭ ዓሣ አፉን ወደ ላይ አዙሮ የሚመጣለትን ይጠብቃል። ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ፣ ከወደቀ ግንድ ሥር፣ ከሾላ ሥር ጥላ ውስጥ፣ ፈጣኑና ዝግተኛው ውሃ በሚገናኝበት መስመር ላይ መፈለግ ይገባል። ማንም ሰው መሃል ወንዝ አርቆ የመወርወር ፍላጎት አለው፤ ዓሣው ግን ብዙ ጊዜ ከሰውየው እግር ሥር ሁለት ክንድ ርቆ ነው ያለው። ስለሆነም ወንዝ ሲደረስ ረግጦ መሄድ፣ ድንጋይ ማንከባለል፣ ጥላን ውሃ ላይ መጣል አይገባም። ዓሣ በሰውነቱ ጎን ባለው መስመር የመሬትን ንዝረት ይሰማል። ፀሐይን ፊት ለፊት አድርጎ መቆም ጥላ ወደ ኋላ እንዲወድቅ ያደርጋል።

ሰዓቱ ማለዳና አመሻሽ ነው። በቀትር ፀሐይ ዓሣ ወደ ጥልቅ ወይም ወደ ጥላ ይገባል። ለአምባዛ ግን ጨለማ ከመጣ በኋላ ያለው ሰዓት ይሻላል፣ ዝናብ ወንዙን ካደፈረሰ በኋላም በቀን ይያዛል፤ እሱ የሚመካው በዓይኑ ሳይሆን በጢሙ ነውና። ሐይቅ ላይ ለሚወጣ ግን የማለዳው ምክንያት ሌላም አለ። ከሰዓት በኋላ በጣና ላይ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ታንኳን የመገልበጥ ኃይል አለው። የነገደ ወይጦ አስጋሪዎች ለትውልድ የያዙት ልማድ፣ ደንገሉን ሳይበሰብስ መለወጥና ነፋሱ ሳይነሳ ወደ ዳር መመለስ፣ ከማንኛውም ሥልጠና የሚበልጥ ነው። ጉማሬ ባለበት የደንገል መግቢያ በጨለማ መግባት ደግሞ ማንም ሊያደርገው አይገባም።

ዓሣው ሲነካ ምን ይደረግ? ቀረሶ ይነካካል፣ ያሸታል፣ ይተፋል። ተንሳፋፊው ሲንቀጠቀጥ የሚጎትት ሰው ባዶ መንጠቆ ያወጣል። ተንሳፋፊው ወደ ጎን ሲሄድ ወይም ሲጠልቅ ነው መሳብ ያለበት፣ እሱም በእጅ አንጓ ብቻ፣ በትከሻ ሳይሆን። አምባዛ ያገኘውን አፉ ውስጥ አስገብቶ መሄድ ይጀምራል፤ ትንሽ ክር ለቀቅ ተደርጎለት ክሩ ሲወጠር ይሳባል። ነጭ ዓሣ ግን ይመታል። ትልቅ ነጭ ዓሣ መንጠቆ ሲውጥ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች የሚሮጠውን ሩጫ በጉልበት ለማስቆም የሚሞክር ክሩን ያጣል። ዘንጉን ከፍ አድርጎ መሮጥ ሲፈልግ መልቀቅ፣ ሲያርፍ መሳብ ነው። የአምባዛን የጎን ክንፍ ሲይዙ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ የክንፉ የመጀመሪያ አጥንት እንደ መርፌ የሚወጋ ነው።

ከተያዘ በኋላ ያለው ነገር ከመያዙ ያላነሰ ነው። ዓሣ ከሥጋ ሁሉ ፈጥኖ የሚበላሽ ሲሆን፣ ብልሽቱ የሚጀምረው ከሆዱና ከስንጥቡ ነው። በመሆኑም ወዲያው ሆዱን ከፍቶ አንጀቱንና ስንጥቡን አውጥቶ በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ በእርጥብ ቅጠል ሸፍኖ በጥላ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በረዶ ከተገኘ ከዓሣው ጋር እኩል ክብደት ያለው በረዶ ቢሆን ጥሩ ነው። ዓይኑ የጎደጎደ፣ ስንጥቡ ቡናማ የሆነ፣ በጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ የሚቀር ዓሣ ለገበያም ለቤትም አይሆንም። ዓሣን ጥሬውን የመብላት ልማድ በሐይቁ ዙሪያ አለ፤ ነገር ግን በዓሣ ሆድና ሥጋ ውስጥ የሚኖሩ ጥገኛ ትላትሎች ስላሉ ጥሬ መብላት ጤናን ለአደጋ ያጋልጣል፤ በደንብ ማብሰል ይገባል። የዓሣውን ሆድቃ ወንዝ መልሶ መጣልም ትክክል አይደለም፤ ቀብሮ ለጓሮ ማዳበሪያ ማድረግ ይቻላል። በሐይቁ ዳርቻ ብልሃርዝያ የሚገኝ በመሆኑም ውሃ ውስጥ ቆሞ ማስገርና ዳር ላይ መጸዳዳት ሁለቱም በሽታውን ያዛምታሉ።

እስካሁን የተባለው አንድን አስጋሪ የሚመለከት ነው። ከዚህ በታች ያለው ግን ሁሉንም ይመለከታል።

ነጭ ዓሣ ከሐይቁ ወደ ወንዝ ወጥቶ የሚራባው በክረምት ነው። ዝናቡ ሲበረታና የወንዙ ውሃ ወደ ሐይቁ ሲገባ፣ ከሐምሌ ጀምሮ ብዙዎቹ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች በወንዝ አፍ ላይ ይሰባሰባሉ። ነሐሴና መስከረም ላይ ወደ ላይ፣ ጠጠር ወዳለባቸው ጥርት ያሉ ገባሮች ይወጣሉ፤ እስከ ጥቅምት ድረስ የሚቆዩም አሉ። እንቁላላቸውን በጠጠሩ መካከል ይጥላሉ። ጠጠሩ ንጹሕ፣ ውሃው ፈሳሽና አየር ያለው ካልሆነ እንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል። የወለደው ዓሣ ወደ ሐይቁ ይመለሳል፣ ጫጩቶቹም ውሃው መቀነስ ሲጀምር ተከትለው ይወርዳሉ። ነጭ ዓሣ እንደ ቀረሶ ቶሎ የሚያድግ አይደለም፤ ለመራባት የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ የጠፋውን ለመተካት ዓመታት ይፈልጋል።

በ1978 ዓ.ም. አካባቢ በሞተር ጀልባና በናይለን መረብ ማስገር በጣና ከተጀመረ በኋላ ሁኔታው ተለወጠ። ከዚያ በፊት ታንኳ የሚደርሰው ከዳር ብዙ ሳይርቅ ነበር። መረብ ወንዝ አፍ ላይ በክረምት ሲዘረጋ የሚይዘው ሆዱ እንቁላል የሞላ ዓሣ ነው። አጥኚዎች እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው አሥር ዓመት የነጭ ዓሣ ብዛት በሐይቁ ውስጥ በ75 በመቶ ያህል እንደቀነሰ ለክተዋል። ከአራት ዓሣ ሦስቱ ማለት ነው። ቀረሶና አምባዛ በዚህ ልክ አልወረዱም፤ የወረደው በወንዝ አፍ የሚሰበሰበው ነው። ምክንያቱ እዚህ ላይ ግልጽ ነው።

ነገሩን ከአንድ ቤት አንጻር ማየት ይቻላል። በጉማራ ዳር አራት ጥማድ መሬት ያለው አንድ አባወራ ይታሰብ። ሐምሌና ነሐሴ ጎተራው የተራቆተበት፣ ሩዙ ገና ያልደረሰበት፣ ልጆቹ የትምህርት ቤት ደብተር የሚጠብቁበት ወቅት ነው። መረብ ያለው ጎረቤት "ዛሬ ሌሊት ወንዝ አፍ እንዘርጋ" ይለዋል። በአንድ ሌሊት ሁለት ጆንያ ዓሣ ይወጣል። ይህን ሰው "አትያዝ" ማለት ቀላል ነው፤ እንጀራውን ግን ማን ይሰጠዋል? ሕጉን የሚያስፈጽም ባለሙያም ሆነ የቀበሌ አመራር ይህን ጥያቄ ሳይመልስ የሚያደርገው ነገር ሁሉ ሌሊቱን አልፎ አይሠራም።

ሌላው ገጽታ ግን አለ። በነሐሴ ዓሣ በየወንዙ አፍ ስለሚትረፈረፍ ዋጋው ይወርዳል፤ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ነጋዴ አይደርስም፤ በረዶ ስለሌለ ግማሹ ይበላሻል። ቋንጣ ለማድረግም ፀሐይ የለም። ያ ሁለት ጆንያ የሚያስገባው ገንዘብ በዐቢይ ጾም ገበያ ሲደራ፣ ዓሣው ሲፈለግ ከሚያስገባው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ማለትም ሰውየው በርካሽ የሚሸጠው የዘንድሮውን ዓሣ ብቻ ሳይሆን በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ይዛ የመጣችውን እናት፣ ከዚያም ለሚቀጥሉት ዓመታት የምትሰጠውን ሁሉ ነው። ዘር እህልን በሐምሌ የበላ ገበሬ ምን እንደሚዘራ በዚህ አዳራሽ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ሕጉ አለ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 የማስገሪያ መሣሪያን፣ ቦታንና ወቅትን መወሰን እንዲቻል ያደርጋል። የአማራ ክልልም የራሱን አዋጅ አውጥቷል። የተፈቀደው የመረብ ዓይን ስፋት ስንት እንደሆነ፣ የትኛው ወንዝ አፍ በየትኛው ወር እንደሚዘጋ እያንዳንዱ ማኅበር ከወረዳው ግብርና ባለሙያ በጽሑፍ ተቀብሎ በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ መለጠፍ ይኖርበታል። አባሉ የማያውቀውን ሕግ ጣሰ ተብሎ መረቡ ሲነጠቅ ቅሬታ እንጂ ጥበቃ አይገኝም።

ከመረቦች ሁሉ ደግሞ የከፋው ከአንድ ነጠላ የናይለን ጭራ የሚሠራው፣ በውሃ ውስጥ የማይታየው ቀጭን መረብ ነው። ርካሽ ነው፤ ግን ቶሎ ይቀደዳል፣ ሲቀደድም ባለቤቱ ሐይቅ ውስጥ ጥሎት ይሄዳል። የተጣለ መረብ አይበሰብስም፤ ማንም ሳያነሳው ዓሣ እየያዘ፣ የያዘው እየበሰበሰ፣ ሌላም እየያዘ ይኖራል። ይህን መረብ የሚሸጠውን ሳይሆን የሚገዛውን ብቻ መቅጣት ደግሞ ፍትሕ አይደለም።

ሁለተኛው ብርብራ ነው። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ወንዝ ላይ ሲበተን ዓሣውን አደንዝዞ ያንሳፍፈዋል። አባቶች ከጥንት ያውቁታል፤ በበጋ ውሃው ሲያንስ በአንድ ገንዳ ላይ ይደረግ ነበር። ነገር ግን ብርብራ ትልቅና ትንሽ አይለይም። ለመብል የሚነሳው አሥር ቢሆን በወንዙ ሥር ሞቶ የሚቀረው ጫጩትና ለዓሣ ምግብ የሚሆነው ትንንሽ ነፍሳት ሁሉ ነው። በዚያ ገንዳ ለሚቀጥለው ዓመት የሚመጣ ምንም አይቀርም። መንጠቆ የያዘ ልጅ ግን የሚይዘውን ይመርጣል፤ እንቁላል የያዘችውን ዓሣ መልቀቅ ይችላል። ለመልቀቅ እጅን በውሃ ማርጠብ፣ ስንጥቧ ውስጥ ጣት አለማስገባት፣ መንጠቆውን በፒንሳ ማውጣት፣ አፏን ወደ ፈሳሹ አዙሮ ራሷ እስክትሄድ በቀስታ መያዝ ይበቃል። የመንጠቆውን ዘንበል ያለ ምላስ አስቀድሞ በፒንሳ መጨፍለቅ መንጠቆውን ለማውጣት ያቀልላል፤ ክሩን ወጥሮ የሚይዝ ሰው በዚህ ምክንያት ዓሣ አያጣም።

ሦስተኛው ነገር መረብም መንጠቆም ያልያዘውን ገበሬ ይመለከታል። ወንዝ ዳር ያለው የመስኖ ፓምፕ በመምጠጫው አፍ ላይ ወንፊት ከሌለው ጫጩት ዓሣ መጥጦ ማሳ ላይ ይበትናል፤ አሥር ደቂቃ የማይፈጅ የሽቦ ወንፊት ይህን ያስቀራል። ፓምፑም ራሱ ከቆሻሻ ይድናል። የፀረ ተባይ መርጫ ወንዝ ውስጥ ማጠብ ሰውንም ከብትንም ዓሣንም ይጎዳል። ከጉማራና ከርብ የሚወጣው አሸዋና ጠጠር ለግንባታ አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን ዓሣ እንቁላል በሚጥልበት ገባር ላይ በክረምት ወራት ጠጠር ማውጣት መኝታውን ከሥሩ መቆፈር ነው። በርብ ላይ ግድብ ተሠርቷል፤ ለመስኖ የሚሰጠው ጥቅም ትልቅ ነው። ግድቡን ሊያልፍ የማይችለው ዓሣ ግን ከግድቡ በታች ባለው ጠጠር ላይ ብቻ ተስፋ አለውና ያ ቦታ ይበልጥ ሊጠበቅ ይገባዋል። በ2004 ዓ.ም. በሐይቁ ላይ በይፋ የታወቀው እምቦጭ አረምም የቀረሶን ጥልቀት የሌለው መራቢያ ዳርቻ ሸፍኖ ጀልባ እንዳይገባ እስከማድረግ ደርሷል። ገበሬው እምቦጭን በእጁ ሲነቅል ለሐይቁ ብቻ ሳይሆን ለራሱ ማሳና ለከብቱ ውሃም ነው የሚነቅለው።

ታዲያ ዩኒየኑ ምን ያድርግ? ከላይ የተነሳው አባወራ ነሐሴ ላይ የሚፈልገው ትንሽ ገንዘብ ነው። ዩኒየኑ ለማዳበሪያ የብድር አሠራር አለው፤ ገንዘብ ቁጠባና ብድር ማኅበራትም በየቀበሌው አሉ። በሐምሌ ተሰጥቶ ሩዝ ሲሰበሰብ የሚመለስ ትንሽ የክረምት ብድር፣ መረቡን ለማኅበሩ መጋዘን በአደራ ላስረከበ አስጋሪ ቅድሚያ ቢሰጥ፣ ሕጉ ማድረግ ያልቻለውን ሥራ ሊሠራ ይችላል። መረቡ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ተመልሶ ይሰጠዋል፤ ዓይኑ ተለክቶ። እንዲሁም መንጠቆ፣ ናይለን ክርና እርሳስ በጅምላ ገዝቶ ለአባላት በዋጋው ማቅረብ፣ ሐይቅ ዳር ላሉ መሠረታዊ ማኅበራት የበረዶ ሳጥን ማሟላት፣ በጾም ወራት ከባሕር ዳርና ከጎንደር ሆቴሎች ጋር የአቅርቦት ውል መዋዋል ከዩኒየኑ አቅም በላይ አይደለም። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይሆንም። መጀመሪያ ሊሆን የሚችለው በአንድ ወንዝ ላይ ነው። ጉማራ ቢመረጥ ሁለቱ ዳርቻዎች ላይ ያሉ ማኅበራት የዚህ ዩኒየን አባላት ስለሆኑ ከሌላ ወንዝ ይልቅ መስማማት ይቀልላል፤ አፉ ላይ መረብ የሚዘረጉትም በአብዛኛው እርስ በርስ የሚተዋወቁ ናቸው።

በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ይህ ሐሳብ በአጀንዳ ተይዞ እንዲመከርበት ለሥራ አመራር ቦርዱ ቀርቧል። መረብ ያላቸው አባላት ስማቸውን ሳይሆን የመረባቸውን ብዛትና የዓይኑን ስፋት ለየማኅበራቸው ጸሐፊ ከሰኔ በፊት ቢያስመዘግቡ፣ ብድሩ ምን ያህል ሊሆን እንደሚገባ ማስላት ይቻላል። ለመንጠቆ አስጋሪዎች ደግሞ የቋጠሮ አሠራሩ ከምሳ በኋላ በአዳራሹ በር ላይ በክርና በመንጠቆ በተግባር ይታያል፤ ልጆቻቸውን ይዘው የመጡ ወላጆች ልጆቹን እንዲያቀርቡ ይጋበዛሉ።